የተመዘገበበት ዓመት የሞተበት ዓመት አይደለም፦ ስለ እንግሊዝ ራስን የማጥፋት ቁጥሮች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ እንግሊዝ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ስልክ ውስጥ አንድ ጽሑፍ ያልገባበት የለም። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰዎች ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዷ የአሥራ አምስት ዓመት ወንድ ልጅ ያላት እናት ናት፤ ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጽፋበታለች። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሷ ነው።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው የእንግሊዝና የዌልስን ቁጥር የሚያወጣውን ብሔራዊ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ይጠቅሱና አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ በ2020 ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ቁጥር ስለ ቀነሰ፣ በኮቪድ ጊዜ ቤት መዘጋቱ ቤተሰብን አቀራርቦ ሕይወት አትርፏል። ሁለተኛ፣ የ2023 ቁጥር ከ1999 ወዲህ ከፍተኛው ስለሆነ፣ የዚያ ዓመት የኑሮ ውድነት ሰው ፈጅቷል። ሦስተኛ፣ ራስን ማጥፋት ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት ስለሆነ ከሁሉም በላይ ራሳቸውን የሚያጠፉት ወጣቶች ናቸው፤ ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ አገር ቤት ቢልኩ ይበጃል። አራተኛ፣ እነዚህ ሞቶች ከወራት በኋላ የሚመዘገቡት መንግሥት እውነቱን ሊደብቅ ስለፈለገ ነው። አምስተኛ፣ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፤ ስለዚህ ነገሩ የፈረንጅ አገር በሽታ ነው።

ቁጥሮቹን ጸሐፊው አልፈጠሯቸውም፣ ይህን አስቀድሜ ልበል። በእንግሊዝና በዌልስ በ2019 የተመዘገቡት 5,691፣ በ2020 የተመዘገቡት 5,224፣ በ2023 የተመዘገቡት 6,069 ናቸው። የ2023ቱ ከ100,000 ሰው 11.4 ይሆናል፤ በእርግጥም ከ1999 ወዲህ ከፍተኛው ነው። እኔ የምለየው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስቱንም ቁጥሮች «የተመዘገቡት» ብዬ ጻፍኳቸው፤ ጸሐፊው ግን በሦስቱም ቦታ «የሞቱት» ብለዋል። አብዛኛው ስሕተት የመጣው ከዚህች አንዲት ቃል ነው።

የቃሏን ክብደት ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑ ቤተሰቦች በማስተርጎም ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ልጃቸውን ያጡ እናት አጠገብ ተቀምጬ የምስክር ወረቀቱን እያነበብኩላቸው ነበር። የሞተበት ቀን አለ፣ ወረድ ብሎ ደግሞ የተመዘገበበት ቀን። በሁለቱ መካከል አሥራ አንድ ወር። እናትየዋ ጣታቸውን በሁለተኛው ቀን ላይ አድርገው «ይሄ ምንድን ነው? በዚህ ቀን እኮ ተዝካሩን ካወጣን ቆይተናል» አሉኝ። ልጁ የሞተው በአንድ ዓመት ነው፣ መንግሥት የቆጠረው በሌላ ዓመት።

ለምን እንዲህ ሆነ? በእንግሊዝና በዌልስ ሰው በሕመም ሲሞት ሐኪም ምክንያቱን ይጽፋል፣ ቤተሰብም በአምስት ቀን ውስጥ ያስመዘግባል። ሞቱ ድንገተኛ ወይም ተፈጥሯዊ ያልሆነ ሲመስል ግን ጉዳዩ ኮሮነር ወደሚባለው የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ይሄዳል። ኮሮነሩ አስከሬን ያስመረምራል፣ የደም ምርመራ ያዝዛል፣ ከሐኪም፣ ከፖሊስ፣ ከቤተሰብ ቃል ይሰበስባል፤ በመጨረሻም ኢንክዌስት የሚባለውን ችሎት ያስችላል። ቤተሰቡ እስከዚያው ለቀብርና ለባንክ የሚሆን ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠዋል። ሞቱ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ኢንክዌስቱ ሲያልቅ ነው። ሕጉ ኢንክዌስት በስድስት ወር ውስጥ ይለቅ ይላል፤ «ካልሆነም በተቻለ ፍጥነት» የሚል መውጫም አለው። በተግባር የሁሉም ኢንክዌስቶች አማካይ በ2019 27 ሳምንት ነበር፣ በ2021 ደግሞ 31 ሳምንት ደረሰ። ሰው በእስር ቤት ወይም በፖሊስ እጅ እያለ እንዲህ ከሞተ ችሎቱ ጁሪ ከሚባሉት ከሕዝብ ከተመረጡ ፈራጆች ጋር ስለሚቀመጥ የባሰ ይረዝማል።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ። በ2020 የመጀመሪያዎቹ የኮቪድ ወራት ብዙ ችሎቶች ቆመው ነበር፤ ምስክር መጥራት አስቸጋሪ ነበር፣ ጁሪ ማስቀመጥማ የማይታሰብ ነው። ሳይመዘገብ የከረመ ሞት በዚያ ዓመት ቁጥር ውስጥ አይገባም። ከ5,691 ወደ 5,224፣ ማለትም ስምንት ከመቶ ያህል የወረደው ቁጥር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በዚያው ዓመት ዘገባው ላይ ጽፎታል። ስኮትላንድን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እዚያ ኮሮነር የለም፤ ማንኛውም ሞት በስምንት ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ የዐቃቤ ሕጉ ምርመራ ምዝገባውን አያግደውም። በስኮትላንድ ቁጥሩ በ2019 833 ነበር፣ በ2020 805። የቀነሰው ሦስት ከመቶ ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ቅናሹ ሁሉ የወረቀት መዘግየት ነው ብል እኔም እሳሳታለሁ። በሞቱበት ቀን ሲቆጠር፣ በመጀመሪያዎቹ የኮቪድ ወራት ራሳቸውን ያጠፉ ወንዶች ቁጥር በእርግጥ ቀንሶ ነበር። ሰዎች በከባድ የጋራ መከራ ወቅት የሚቀራረቡበት ሁኔታ አለ፤ እኛም ይህን በታሪካችን እናውቀዋለን። ግን «ቤተሰብ ስለ ተቀራረበ ነው» የሚለውን ከዚህ ቁጥር ላይ ማንበብ አይቻልም። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ቤት መዘጋቱ ከሚበድላቸው ሰው ጋር አንድ ላይ የዘጋባቸው ሴቶችም ነበሩ፤ ጽሑፉ ስለ እነሱ አንድ ቃል የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ የመጀመሪያው መስታወት ነው። በ2020 ያልተመዘገበው የት ሄደ? በ2021፣ በ2022፣ በ2023 ተመዘገበ። በ2023 ከተመዘገቡት 6,069 ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት በ2022 ወይም ከዚያ በፊት ነው። ጸሐፊው «በ2023 የኑሮ ውድነት» ሲሉ፣ ከቆጠሯቸው ሰዎች ብዙዎቹ ያን ዓመት አላዩትም። የእንግሊዝ የዋጋ ንረት ጣሪያ የነካው በጥቅምት 2022 ነበር፣ 11.1 ከመቶ። ስለዚህ «የኑሮ ውድነት ሰው ገድሏል» የሚለው ሐሳብ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ዕዳ፣ ከቤት መባረር፣ ሥራ ማጣት አደጋውን ከፍ እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው፤ እኔም ያስተረጎምኩላቸውን ሰዎች ፊት አይቻለሁ። የምለው፣ ይህን ለማስረዳት ሞቶቹን በሞቱበት ወር አስቀምጦ ማየት ይጠይቃል ነው። በተመዘገቡበት ዓመት ተደርድረው ከሚታዩ ቁጥሮች ላይ የአንድን ዓመት ምክንያት ማንበብ፣ ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን አይቶ የተጻፈበትን ቀን እንደ መገመት ነው።

«ከ1999 ወዲህ» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እስከ ሐምሌ 2018 ድረስ ኮሮነር «ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ለመወሰን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ ነበረበት፤ እንደ ወንጀል ማለት ነው። በዚያ ወር ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአንድ እስረኛ ሞት ጉዳይ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል አለ፤ በኅዳር 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ያኔ እና አሁን የተለካው በአንድ ሜትር አይደለም። በዚህ ብቻ ግን ጭማሪውን ሁሉ አላስረዳም፤ መሥሪያ ቤቱ መርምሮ ጭማሪው ከሕግ ለውጡ በፊት እንደ ጀመረና ለውጡም ቁጥሩን ያን ያህል እንዳላናጋው አግኝቷል። በሁለቱም በኩል ቸኩሎ መደምደም አይበጅም።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ ልቆይ፤ ያቺን እናት ያስደነገጣት እሱ ነው፣ እኔንም ያስቆጣኝ እሱ ነው።

ጸሐፊው «ቀዳሚ የሞት ምክንያት» የሚለውን «ከሁሉ የሚበዛ» ብለው ወሰዱት። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ ያህል ከራሴ ቁጥር አንስቼ ላሳይ። አንድ መቶ ሺህ ወጣቶች ያሉበት ከተማ እናስብ። በዓመት ሠላሳ ወጣቶች ሞቱ፤ ከእነሱ አሥሩ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በዚያው ከተማ አንድ መቶ ሺህ የሃምሳ ዓመት ሰዎች አሉ፤ በዓመት አራት መቶ ሞቱ፣ ከእነሱ አሥራ ስድስቱ ራሳቸውን ያጠፉ። በወጣቶቹ ዘንድ ከሦስት ሞት አንዱ ነው፣ ቀዳሚ ምክንያት። በጎልማሶቹ ዘንድ ልብ፣ ካንሰር፣ ስኳር ስለሚበዛ ከመቶ አራት ብቻ ነው። ግን ራሳቸውን ያጠፉት የበዙት በየትኛው ወገን ነው? አሥራ ስድስት ከአሥር ይበልጣል። ወጣት በሌላ ምክንያት ብዙም ስለማይሞት ነው የእሱ ሞት በዓይን የሚሞላው።

ከምሳሌ ወደ እውነተኛው ቁጥር ስንመጣም ያው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ20 እስከ 34 ዓመት ባሉ ወንዶችም ሴቶችም ራስን ማጥፋት ለረጅም ዓመታት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ሆኖ ቆይቷል፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ሲሰላ ግን በ2023 ምዝገባ ከፍተኛው ከ45 እስከ 49 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው፣ ከ100,000 25.5። በሴቶች ከ50 እስከ 54፣ 9.2። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ያሉበት የዕድሜ ክልል ከዝቅተኛዎቹ ነው።

ጸሐፊው ሊጠቅሱት ይችሉ የነበረ፣ ለእሳቸው የሚያግዝ አንድ ነገር አለ፤ እኔ ልጥቀሰው። ከ10 እስከ 24 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ ቁጥሩ ከ2012 ወዲህ እየጨመረ መጥቶ በ2019 ከ100,000 3.1 ደርሷል። ከትልልቆቹ ጋር ሲተያይ ዝቅ ያለ ነው፤ አካሄዱ ግን ያሳስባል፣ ሊያሳስብም ይገባል። በትንንሾቹ ላይ ደግሞ አቆጣጠሩም ይለያል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በይፋዊው ቁጥር መካተት የጀመሩት በ2016 ነው። ደግሞም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ላይ ሆን ተብሎ ይሁን በድንገት ያልለየ ጉዳት ጭምር ይቆጠራል፤ በትንንሾቹ ላይ ይህ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም በልጅ ላይ የዚህ ዓይነቱ ሞት ከሌላ ሰው በደል ወይም ከቸልተኝነት የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የልጆቹ ቁጥር ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል የሚል ሰው መሠረት አለው። ከሃምሳ ዓመት ሰዎቹ ይበልጣል የሚል ግን የለውም።

መዘግየቱ በዕድሜው ላይም ይሠራል። አንድ ልጅ በሃያ አራት ዓመቱ በ2021 ሞቶ በ2023 ቢመዘገብ፣ በ2023 ሰንጠረዥ የሚገባው ከ20 እስከ 24 ባሉት ውስጥ ነው። በሕይወት ቢኖር በዚያ ዓመት ሃያ ስድስት ይሞላው ነበር። ዕድሜው ቆሟል፣ ዓመቱ ግን ሄዷል። ጥቂት ሰዎች ባሉበት የዕድሜ ክልል ሁለት ሦስት ረጅም ኢንክዌስቶች በአንድ ዓመት ቢያልቁ፣ ጋዜጣ «በወጣቶች ላይ በድንገት ጨመረ» ብሎ ይጽፋል።

ይህን ሁሉ የምለው ወጣቶቹ አይጠበቁ ለማለት አይደለም። ጸሐፊው የሁላችንንም ዓይን ወደ አንድ ክፍል አዞሩት፤ ሌላው ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ ቀረ። በእኛ ማኅበረሰብ ያ ሰው ማን ነው? ሌሊት ታክሲ ወይም መጋዘን ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ፣ አገር ቤት ላሉ ለሁለትና ለሦስት ቤት የሚልክ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ለዓመታት ያልተቋጨለት ወይም ትዳሩ የፈረሰ፣ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሚያልፍ የአርባ ሰባት ዓመት ወንድ። በቤተ ክርስቲያን ግቢም በለቅሶ ቤትም አለ። ስለ ልጁ ይጠየቃል እንጂ ስለ ራሱ የሚጠይቀው የለም።

«ወደ አገር ቤት ላኳቸው» የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ ጭንቀት ላይ ያለን ልጅ ከጓደኞቹ፣ ከትምህርት ቤቱና ከሐኪሙ ነጥሎ ወደማያውቀው ቤት መስደድ ሕክምና አይደለም። ልጁ የሚሰማው «አባረሩኝ» የሚል ነው። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አራተኛው፣ መደበቅ። የሚደብቅ ሰው መደበቁን አይጽፍም። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ዘገባው ሞቱና ምዝገባው ስንት ቀን እንደሚራራቁ ራሱ ያወጣል። ኮሮነርም የዳኝነት ሥልጣን ያለው፣ ነጻ ሆኖ የሚወስን ሰው ነው፤ ሚኒስትር «ይህን ዓመት ዝቅ አድርግልኝ» ሊለው አይችልም። መዘግየቱ የመጣው ከጥንቃቄና ከሰው ኃይል እጥረት ነው። በግሌ ጥንቃቄውን አከብረዋለሁ። «ራሱን አጥፍቷል» የሚለው ቃል አንዴ ከተጻፈ በኋላ ለእናት የዕድሜ ልክ ነውና፣ በችኮላ እንዳይጻፍ መደረጉ መልካም ነው።

ሆኖም ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አለ፤ መዘግየቱ ይጎዳል። በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ ሰፈር ሞት ሲከታተል ባለሥልጣኖቹ የሚያውቁት ከዓመት በኋላ ከሆነ ምን ይጠቅማል? ለዚህ መልስ ተጀምሯል። ዌልስ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ፣ ፖሊስ ገና ከመጀመሪያው «ይመስላል» ብሎ የሚያሳውቀውን ተመርኩዘው በጥቂት ወራት ውስጥ የሚወጣ መረጃ ያሰናዳሉ። የተጠረጠሩ እንጂ የተረጋገጡ አይደሉም፤ ነገር ግን ስለ ዘንድሮ መናገር የሚፈልግ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ኢንክዌስት የሚጠብቁ ቤተሰቦች ስቃይ ደግሞ በየትኛውም ሰንጠረዥ አይታይም። ልጃቸውን ቀብረው፣ ሰልስቱን አርባውን አውጥተው፣ ከዓመት በኋላ እንደገና ችሎት ተቀምጠው የመጨረሻዋን ሌሊት በአስተርጓሚ አፍ መስማት ምን እንደሆነ እኔ አፌን ያዋስኩ ሰው አውቀዋለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ አገር ቤት ነው። «ቁጥር የለም» እና «ነገሩ የለም» አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያ የሞት ምዝገባ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጽፎ ነበር፤ ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ መዋሉን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘመው። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.። ሞትን ቀበሌ ሄዶ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታ ሆኗል፤ ግን ውርስ ወይም ጡረታ ከሌለው ስንቱ ቤተሰብ ይሄዳል? አዲስ አበባ ውስጥ ተመራማሪዎች ሰው በምን እንደሚሞት ማወቅ ሲቸግራቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ ወደ መካነ መቃብሮች ሄደው ከቀብር መዝገብ ላይ ለመሰብሰብ ተገደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ የሚያወጣው ቁጥርም በስሌት የተገመተ እንጂ ከሞት መዝገብ የተቆጠረ አይደለም።

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቡታጅራ ላይ ከ10,000 በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው 3.2 ከመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ቡታጅራ ለንደን አይደለችም። እኔም ባደግሁበት ሰፈር «ድንገት ታማ» ተብላ የተቀበረች ልጅ ነበረች። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ በር ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። ቤተሰቧ ይህን ያሉት ዋሽተው ለማትረፍ አልነበረም፤ ፍትሐት እንዳትከለከል፣ እህቶቿም እንዳይጠቆምባቸው ነበር። በየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ዕድሜ ትቆጠር? እዚህ አሥራ አንድ ወር ዘግይቶ ይጻፋል፤ እዚያ እሷ እስከ ዛሬ አልተጻፈችም።

ለጠየቀችኝ እናት በስልክ የመለስኩላት ከዚህ አጠር ያለ ነበር። ቁጥሩ እውነት ነው፣ የተሰጠው ትርጉም ግን ልክ አይደለም አልኳት። ልጅሽን ጠይቂው፤ «ራስህን ስለ መጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ እንዲናገር ነው የሚረዳው። ከከበደሽ ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ሂጂ፤ 116 123 ደግሞ ሳማሪታንስ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ፣ በማንኛውም ሰዓት የሚያነሳው ስልክ ነው። ቀጥዬ «ባለቤትሽስ እንዴት ነው?» ብዬ ጻፍኩላት።

መልሷ እስከ ማታ ቆየ። «እኔ እንጃ፤ ሌሊት ነው የሚሠራው። ዛሬ እስኪገባ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ» ይላል።